ጭራ ቆራጣ መጻሕፍት

ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኛል። ልጄ ሠናይት፣ «እማ፣ ጉልበትሽ ነው ወይስ ልብሽ?» ትለኛለች። ጉልበቴማ ብቀመጥም ያመኛል፣ ብቆምም ያመኛል፤ የእሱ ነገር አይደለም። መጽሐፍ በእጄ ይዤ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን እመላለሳለሁ። ሰመራ ደግሞ ወዲያ ወዲህ ለሚል ሰው የተሠራች ከተማ አይደለችም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ ነፋሱ ራሱ ፊት ይልጣል። ቢሆንም ቁጭ ስል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፣ እነሳለሁ። ይህንንም የምጽፈው ግማሹን ቆሜ ነው። ሐሳቤ በቅርቡ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ልነግራችሁ ነበር፤ ከመሃላቸው አንዱ ግን የስንት ዓመት ጉድ ይዞብኝ መጣ።

ነገሩ የጀመረው ከሽታ ነው። ባጃጆች ተማሪ በሚያወርዱበት ማዕዘን ላይ ሁመድ የሚባል የአፋር ጎልማሳ መጽሐፍ ይሸጣል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ የጀመረው ነበር፤ አሁን ሥራው ይኸው ሆኗል። ከላይ ሸራ ወጥሮ፣ ምስጥ እንዳይወጣበት የመደርደሪያውን እግር በነጭ ጋዝ ያብሰዋል። ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ በዚያ ሳልፍ የነጭ ጋዝና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ፌስታሌን እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ።

«እናቴ፣ ለልጅ ልጅ ነው? የስንተኛ ክፍል ልስጥሽ?» አለኝ።

«ለራሴ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«መጨረሻ ያለው።»

ሳቀ። «ሁሉም እኮ መጨረሻ አለው» አለኝ። በእኛ ጊዜ እንዳልነበረው በምን ይወቅ?

እኔ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ያደግኩ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን አዋሽ ማለት ባቡሩ ነበር። ከድሬዳዋ ሲመጣ ገና ድልድዩ ላይ ሳለ ድምፁ ይሰማል፤ ያኔ ዘንቢላችንን አንስተን እንሮጣለን። እኔ የማዞረው የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን ነው። እንቁላል ሁለቱ በስሙኒ፣ ጨውና ሚጥሚጣው በነጻ። ሴቶቹ በጅቡቲ በኩል በገባ ስስ ሽቲ ቀሚስ አምረው፣ ወንዶቹ ጫፉ አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ በመስኮት ብቅ ይላሉ። እኔ እግር ላይ ኮንጎ ጫማ ነበረች፤ ፀሐይ ሲመታት እየለሰለሰች ከሐዲዱ ድንጋይ ጋር የምትጣበቅ። ከጣቢያው ሆቴል በረንዳ፣ ከቀዩ ቡገንቪላ አበባ ሥር፣ ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። አንድም ዘፈን ጨርሰን ሰምተን አናውቅም፤ ልክ መሃሉ ሲደርስ ባቡሩ ይነፋል፣ እንሮጣለን።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከመጠቅለያ ነው። ስኳሩ፣ በርበሬው፣ ለውዙ፣ ሁሉም ነገር በመጽሐፍ ገጽ ነበር የሚጠቀለለው፤ ፌስታል የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ወረቀቷን በጉልበቴ ላይ አስተካክዬ እይዝና በባቡሩ መስኮት እንቁላል ሳቀብል፣ «ጋሼ፣ ይቺ ማን ትባላለች?» እያልኩ ፊደሏን በጣቴ አሳያለሁ። አንዱ «ጨ ናት» ይለኛል፤ ቀጥላ ያለችውን የሚነግረኝ የነገው ባቡር ነው። አንድ ቀን አንድ መነጽር ያደረጉ ሰው፣ «አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ልትሸጪልኝ ነው ወይስ ልትፈትኚኝ?» ብለው ተቆጡኝ፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ግን አንገታቸውን አውጥተው «ጰ ናት! ጰ!» እያሉ ጮኹልኝ። እንዲህ እንዲህ ስል ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ተሳፋሪ ማንበብ ቻልኩ።

ከገበያው መግቢያ ላይ ጋሽ ተካ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ በቆርቆሮ ኪዮስክ መጽሐፍ ያከራዩ ነበር። እሳቸውም ምስጡን የሚያባርሩት በነጭ ጋዝ ነው። መጽሐፉ ግን እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው ከባለ ሱቆች ተርፎ ነው። ባለ ሱቅ ደግሞ ገጽ የሚቀድደው ከኋላ ነው። ከፊት ከቀደደው መጽሐፉ ወዲያው ይረክሳል፤ ከኋላ ከቀደደው ግን ሽፋኑ አፍጥጦ እንደ ሙሉ ይታያል። ስለዚህ አዋሽ ውስጥ የነበረው አብዛኛው መጽሐፍ መጨረሻ አልነበረውም። ጋሽ ተካ ሐቀኛ ስለነበሩ ለይተው ነው የሚያስቀምጡት። «ባለ ጭራ» ለአንድ ቀን ስሙኒ፣ «ጭራ ቆራጣ» አሥር ሳንቲም። የእኔ አቅም የጭራ ቆራጣው ነበር። ስንቱን ሰው አፋፍ ላይ አቁሜ ትቼዋለሁ! ሠርጉ ሊደርስ ሲል፣ ደብዳቤው ሊከፈት ሲል፣ ከዚያ ባዶ ሽፋን።

«ጋሽ ተካ፣ ገዳዩ ማን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ስኳር የገዛውን ሰው ጠይቂ።»

ሁሉንም በጋዜጣ ስለሚለብዷቸው ርዕስና ደራሲ የሚባል ነገርም አላውቅም ነበር። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ መጽሐፍ የማስታውሰው ውስጡ ባለው ሰው፣ አሁን ደግሞ በሽፋኑ ቀለም ነው።

ዘሃራን የማመጣላችሁ እዚህ ላይ ነው። ዘሃራ ከወሎ የመጣች፣ ከሐዲዱ ማዶ ሻይ ቤት የነበራት ጓደኛዬ ናት። ሳምቡሳዋን ሹፌሮች ሎጊያ ድረስ ያወሩላት ነበር። ቁርአን በልጅነቷ በጆሮዋ ተምራለች፣ ፊደል ግን አትለይም። ከሰዓት ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሻይ ቤቱ ጭር ሲል እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ሽንኩርት እየላጠች ታዳምጣለች፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የታሪኩ አይታወቅም። መጽሐፉ ሲቆረጥ አትለቀኝም። «ከዛስ? ወርቄ፣ ከዛስ?» መጀመሪያ መጀመሪያ «ተቀዷል» እላት ነበር። ፊቷ ጥቁር ይልብኛል። ኋላ ላይ ባዶውን ሽፋን እንደ ገጽ ገልጬ፣ ዓይኔን ተክዬ፣ ከራሴ መጨመር ጀመርኩ። ነፍሰ ገዳይ አስያዝኩ፣ የጠፉ ልጆችን ለእናታቸው መለስኩ፣ አንዴማ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ዳርኩ። እሷ የተጻፈ ነው የሚመስላት። እኔም ኃጢአት አልመሰለኝም።

የዘሃራ ባል ሹፌር ነበር። ጭነት ሊያመጣ ጅቡቲ ወርዶ ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ወሬውም ጠፋ። በዚህ መሃል ይመር የሚባል ልብስ ሰፊ፣ እሷው በረንዳ ላይ ማሽን ዘርግቶ የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው፣ ሽማግሌ ላከባት። ሎጊያ ሄዶ የከባድ መኪና ሸራ ሊሰፋ አስቧል፤ አብራው ከሄደች እሱ ሸራውን ይሰፋል፣ እሷ ሻይ ቤቷን እዚያ ትከፍታለች። ቃዲውም ነገሩን ሰምተው፣ «የቀረ ሰው ነው፣ ኒካሁን እናወርደዋለን፣ ሌላ ማግባት ትችያለሽ» ብለዋታል። ዘሃራ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠችም። «እስቲ መጀመሪያ የያዝናትን መጽሐፍ እንጨርስ» አለችኝ።

የያዝናት መጽሐፍ ውስጥ ብርቄ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ወጥቶ ቀርቶባታል፤ አንድ ጨዋ ሰው ደግሞ አብረን እንሂድ ይላታል። እዚህ ስንደርስ ዘሃራ ሽንኩርት መላጥ አቆመች። የመጨረሻዋ ገጽ የመጨረሻ መስመር፣ «ብርቄ በሩን ከፈተችና» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሽፋኑ ነው።

«ከዛስ?» አለች፤ ቢላዋው በእጇ ነው።

ባዶውን ገለጥኩ። «ብርቄ በሩን ከፈተችና ባሏን ቆሞ አገኘችው» አልኩ። አከሳሁት፣ አቧራ አለበስኩት፣ አስለቀስኩት። «ጠበቅሽኝ?» አስባልኩት፣ «አዎ» አስባልኳት። ዘሃራ ያለ ሽንኩርት አለቀሰች። በማግስቱ ይመርን «አልሄድም» አለችው፤ እሱም ማሽኑን ጭኖ ወደ ሎጊያ ወረደ። የዘሃራ ባል አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እዚያው ጅቡቲ ወልዶ ከብዶ እንደሚኖር ሰማን። እሷም ሌላ አላገባች፤ የእህቷን ልጆች አሳድጋ ዳረች።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ራሴን ስጠይቅ፣ «አዝኜላት ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ዘሃራ ሎጊያ ከሄደች ለማን አነባለሁ? ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ እየራቀኝ ሄደ። ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ጋሽ ተካ አረፉ፣ ኪዮስኩ የሲም ካርድ መሸጫ ሆነ። የድሮው ባቡርም አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ ዘንቢል ይዘን ብዙ ቆምን። ሠናይት እዚህ ሰመራ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር «እማ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ አመጣችኝ። ቴሌቪዥን አለ፣ ማራገቢያ አለ፣ የሚሮጡበት ነገር የለም። ያ የነጭ ጋዝ ሽታ ባያቆመኝ ምን ይውጠኝ እንደነበር እንጃ።

እንግዲህ ቃሌን ልጠብቅ፣ መጻሕፍቱን ልንገራችሁ። ርዕስ አትጠይቁኝ፤ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው ካላችሁት መጽሐፍ ሻጭ ያውቃል። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ቀጭን መጽሐፍ አለች፤ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር የውኃ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሌላ ምንም የለም፤ ይቆፍራል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። ሰመራ ላይ የምታነቧት ከሆነ ጀሪካኑን ሞልታችሁ ጀምሯት። ደግሞ ሁለት እህትማማቾች የሚጻጻፉባት አለች፤ ሁለቱም ደህና ነኝ እያሉ ይዋሻሉ፣ አንባቢው ብቻ ነው የሁለቱንም የሚያውቀው። እሷን እንኳ ለእህታችሁ ግዙላት፣ ከዚያ ደውሉላት። ቢጫው ወፍራም መጽሐፍ፣ ስለ ፍርድ ቤት ጸሐፊው የሚያወራው፣ መጀመሪያ ላይ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ያሰለቻል፤ ዝለሉት፣ እኔ ፈቅጄላችኋለሁ። ሰዎች በሁለት በጎች የተካሰሱበት ቦታ ስደርስ ግን በረንዳ ላይ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤት ወጥቶ አይቶኛል። ሁመድ ወፍራም አይወድም። «እናቴ፣ ሰው በዚህ ሙቀት ጡብ ይሸከማል?» ይለኛል። ስለ መጽሐፍ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ እንዴት ናፍቆኝ ነበር!

እንዲህ ደስ ብሎኝ እያለ ነው አንድ ቀን ከሸራው ዳር ሽፋኗ የላላ መጽሐፍ አንስቼ መሃሏን የገለጥኩት። «ብርቄ» ይላል። ሌላ ብርቄ ትሆናለች ብዬ አንድ ገጽ አነበብኩ። እሷው ናት። ወደ መጨረሻው ገለበጥኩ። «ብርቄ በሩን ከፈተችና ቁልፉን ለጎረቤቷ ሰጠች። ከመጣ ስጪው አለች። ከዚያም ወደ መኪናው ሄደች።» ሙሉ አሥራ አንድ ገጽ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አለ። አዲስ ከተማ ትገባለች፣ ትደክማለች፣ ትስቃለች፣ ከሰውየው ጋር ትጣላለች፣ ትታረቃለች። በሩ ላይ የቆመ ባል የለም።

«እናቴ፣ ፀሐዩ መታሽ እንዴ?» አለ ሁመድ።

መቀመጥ ያቃተኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ለሠናይት ነገርኳት። «እማ፣ እትዬ ዘሃራ እኮ ስልሳውን አልፋለች። አሁን ብትነግሪያት ምን ይጠቅማታል? ሰላሟን አትንሺያት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደግሞም አይደለም። የእሷን ሰላም ነው የምጠብቀው ወይስ የራሴን? ለሦስት ሳምንት ሳሎንና በረንዳውን ስለካ ከረምኩ፤ በአራተኛው መጽሐፏን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከሰመራ አዋሽ ሙሉ ቀን ነው። ሚሌ፣ ገዋኔ፣ መንገዱ ሁሉ ኮቴ ለኮቴ የሚሄድ ከባድ መኪና። ዘሃራ ቤት አደርኩና በማግስቱ ከሰዓት፣ ሻይ ቤቷ ጭር ሲል፣ መነጽሬን አወጣሁ። ሻይ ቤቷ አሁን አስፋልቱ ዳር ነው፤ ፀጉሯ በሂና ቀልቷል።

«ላነብልሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ያን ሁሉ መንገድ? አንቺ ሴትዮ፣ ወላሂ ሙቀቱ ጭንቅላትሽ ገብቷል» ብላ ሳቀች፤ ግን ወንበሯን አስጠጋች።

ገና ጥቂት እንዳነበብኩ፣ «ይቺንማ አውቃታለሁ» አለች። «ባሏ የተመለሰላት። ለስንት ሰው አውርቻታለሁ መሰለሽ።»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ።»

ሰማችኝ። ቁልፉን አነበብኩ፣ መኪናውን አነበብኩ፣ አሥራ አንዱንም ገጽ። አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። ስጨርስ፣ «አለቀ ወይስ ተቀደደ?» አለች።

«አለቀ።»

«ያኛውስ? ባሏ የመጣው የት ነው የተጻፈው?»

«የትም።»

«የትም ማለት?»

«ከራሴ ነው፣ ዘሃራ። ገጹ አልነበረም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «ለምን?»

«ሎጊያ እንዳትሄጂብኝ።»

አንድ ሹፌር ገብቶ ሻይ አለ። ተነስታ ቀዳችለት፣ ስኳሩን አማሰለችለት፣ ተመልሳ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ወርቅነሽ» አለችኝ። በዕድሜዬ ስሜን ሙሉውን ጠርታኝ አታውቅም። «‹አትሂጂ› ብትይኝ እኮ እቀር ነበር።»

የዐስር ሶላት ደርሶ ልትሰግድ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ብቻ ነው የተነጋገርነው። ጠዋት ስትሸኘኝ ሳምቡሳ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ፊቴን ግን አላየችም። መንገዱን ሙሉ ሳምቡሳውን ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ፤ መብላትም መጣልም አልቻልኩም።

ስምንት ቀን ሙሉ አልደወለችም። እኔም ስልኩን እያነሳሁ አስቀምጣለሁ። መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ አንድ መስመር አራት ጊዜ አነባለሁ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ደወለች። ሰላምታም የለ።

«ያቺ ብርቄ የሄደችበት ከተማ ማን ይባላል?»

«ስሙ አልተጻፈም።»

«ይሄስ የመጽሐፉ ነው ያንቺ?»

«የመጽሐፉ ነው። ወላሂ።»

«አንቺ ወላሂ አትበዪ።» ቀጥላ፣ «ሎጊያ ካንቺ ቤት ይርቃል?» አለች።

«በባጃጅ ቅርብ ነው።»

«ሐሙስ እመጣለሁ። ይመርን ፍለጋ እንዳይመስልሽ፤ ይኑር አይኑር አላህ ያውቃል። ከተማውን ልየው ብዬ ነው።»

መጣች። ዓርብ ጠዋት ባጃጅ ይዘን ሎጊያ ወረድን። ሎጊያን ለማታውቁት፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች፣ መኪና የሚተኛባት፣ መኪና የሚታከምባት ከተማ ናት። መሬቱ በዘይት ጠቁሯል። ዘሃራ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከፊቴ ቀድማ ሄደች፤ ክንዷን ልይዛት ስል ቀማችኝ። በየታፔላው ሥር ግን ትቆማለች።

«ምን ይላል?»

«ጎሚስታ።»

«እንዲያ ነው የሚለው?»

«እንዲያ ነው የሚለው።»

«ያኛውስ?»

«የባትሪ ጥገና።»

እንዲህ እያስነበበችኝ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ ሄድን። ሸራ የሚሰፉ ሰዎች ደጃፍ ስንደርስ አልቆመችም፣ አንገቷንም አላዞረችም፤ እርምጃዋ ብቻ ትንሽ ፈጠነ። ከአንድ ጎሚስታና ከነዳጅ ማደያው መሃል፣ ባዶ ጀሪካን የተደረደረበት ክፍት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ወደ ላይ መንገዱን አየች፣ ወደ ታች አየች። አንድ ከባድ መኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ።

«ሙቀቱ ካዋሽ ይብሳል» አለች።

«ይብሳል።»

ጃንጥላዋን አጠፈችና በጫፏ መሬቱን ጫረች። «የሻይ ቤቱ በር ወደ መንገዱ ነው የሚሆነው። ምድጃው ከኋላ፣ ጭሱ እንዳይመጣብን። አግዳሚው እዚህ፣ ከሰዓት ጥላው የሚያርፈው እዚህ ነው።» ከዚያ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ሌላ መስመር ጫረች። «የእሱ ማሽን ደግሞ እዚህ።»

የጫረችውን ቆማ አየች። እኔም አየሁ። አፌን ስከፍት ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣

«አንቺ እንዳትጨምሪበት» አለችኝ።

አልጨመርኩም።